ከዕጣው በኋላ

በ2008 ዓ.ም. ከሕክምና ትምህርት ቤት ስንመረቅ ምድባችን በዕጣ ነበር። ለእኔ ኢሉባቦር ወጣ፤ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከመቱ ብዙም የማትርቅ ትንሽ ከተማ። የኅብረታችን ልጆች እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝና "የሚስዮን መስክሽ ነው" አሉኝ። ጸሎቱን ወደድኩት፤ ቃሉን ግን አልወደድኩትም። ገና ያላየሁትን ከተማ ሥራ ብቻ ያደርገዋል። እኔ ልኖርበት ነበር የምሄደው፤ ለዚያ ደግሞ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ቤት ነው።

አንድ ክፍል ተከራየሁ። አከራዬን ሰፈሩ "አዴ" ይላቸዋል፤ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ዕቃዬ ፍራሽ፣ ሻንጣ፣ ምድጃና አንድ ካርቶን መጽሐፍ ነበር። ካርቶኑ ለአራት ወር እንደታሰረ ቆየ። 36 ሰዓት ተረኛ ሆኖ የመጣ ሰው የሚፈታው ጫማውን ብቻ ነው። ዝናቡስ! እዚያ አገር ዝናብ ሰኔን አይጠብቅም፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ስልክ እንኳ አያነጋግርም።

በኢንተርንነት ጊዜ ከጀርባዬ ሬዚደንት፣ ከእርሱ ጀርባ ሲኒየር ነበር። እዚህ ሌሊት ዞር ስል ያለው ግድግዳ ነው። ወባ፣ የሳንባ ምች፣ ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ላይ ወጥቶ የወደቀ አባት፤ ሁሉም በእኔ እጅ ነው። ታካሚዎቹ "ሲስተር" ብለው ይጠሩኝና ዶክተሩ መቼ እንደሚመጣ ይጠይቁኛል (እኅቶች፣ ይህን ታውቁታላችሁ)።

ከሁሉ የከበደኝ ቋንቋው ነበር። አንዲት እናት ሁለት ደቂቃ ሙሉ ትናገራለች፤ በነርሷ በኩል ለእኔ የሚደርሰኝ "ሆዷን ያማታል" ብቻ ነው። ደብተር ገዛሁ። "ማልቱ ሲ ዱኩባ?" ምንሽን ነው የሚያምሽ? "ገራ" ሆድ ነው፤ ግን እንደ እኛው ሆድ የስሜትም ማደሪያ ነው። "ገራ ላፋ" ሲሉ ሆዱ የለሰለሰ፣ ርኅሩኅ ማለታቸው ነው። እናም "ሆዴን" የሚል ሁሉ አልትራሳውንድ እንደማያስፈልገው ተማርኩ።

እሑድ እሑድ የማመልክባት ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛ ትምህርት ቤቴ ሆነች። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሰው ኦኔሲሞስ ነሲብ የተወለደው እዚያው ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ነው። በልጅነቱ ተሰርቆ ተሸጠ፣ ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ፤ መጽሐፉም በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ። ስለ አስቴር ጋኖ ግን በቂ አይነገርም ባይ ነኝ። እርሷም ከባርነት የወጣች ናት፤ ለትርጉሙ የሚሆኑትን ቃላት ሰብስባ የመዘገበችው እርሷ ነበረች። ደብተሬን ስከፍት ብዙ ጊዜ የማስበው እርሷን ነው።

ኅዳር ላይ አንድ ሌሊት ስምንት ወንዶች አንዲት እናት በቃሬዛ አመጡ። ቤቷ ወልዳ ደሙ አልቆም ብሏት ነበር። እንግዴ ልጁ ወጥቷል፤ ማኅፀኗ ግን አልኮማተር አለ። ኦክሲቶሲን ሰጠን፣ ማኅፀኗን አሸን፣ በሁለቱም ክንዷ ፈሳሽ ከፈትን። የሚያስፈልጋት ግን ደም ነበር፤ ደሙ ያለው መቱ ነው። አምቡላንሱን እየጠበቅን ስሟን ጠርቼ "ሂን ሶዳቲን" አልኳት፤ አትፍሪ። ያለ አስተርጓሚ የተናገርኩት ነበር። እጄን ያዘችኝ። አምቡላንሱ ሲደርስ አርፋ ነበር።

በማግስቱ አዴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሬ ላይ ቆሙ። "ተነሽ፣ ልቅሶ እንሂድ።"

"ሐኪሟ እኮ እኔ ነበርኩ" አልኳቸው።

"ታዲያ? ዓይኗን እያየሽ ያረፈች ሴት ናት። እንዴት ትቀሪያለሽ?"

አንድ ሰዓት በጭቃ ሄድን። የሟች ባል ሲያየኝ ተነሥቶ መቀመጫውን ለቀቀልኝ። ለሽማግሌዎቹም "በስሟ ጠራቻት፤ በቋንቋዋም አነጋገረቻት" አላቸው። ማንም ሳይተረጉምልኝ ገባኝ። ሕፃኑን አምጥተው አሳቀፉኝ። ለምን የሚለውን ጥያቄ ለጌታ አቅርቤዋለሁ፤ መልሱን አገኘሁ ብዬ አልጽፍላችሁም። ሕፃኑ ግን ከባድ ነበር፤ ጤነኛ፣ ደህና የተመገበ ከባድ።

ደመወዝ ሲወጣ አናጺ ጠርቼ አልጋና መደርደሪያ አሠራሁ፤ ካርቶኑንም ፈታሁት። በዚያው ሰሞን አዴ ወደ ሰፈሩ እድር ወሰዱኝ። መዋጮው በወር 20 ብር ነበር። ጸሐፊው ስሜን ጽፎ ብዕሩን አነሣና "ለጊዜው ነው ወይስ ይቆያሉ?" ሲል ጠየቀኝ። አፌን ሳልከፍት አዴ ቀደሙኝ።

"ኢንተላ ኮ ናት" አሉት፤ ልጄ ናት። "ከእኔ ስም ሥር ጻፋት።"