የጣና ዓሣና የማዕዱ አደራ

የዛሬው ጉዟችን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምዕራብ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወደምትገኘው ባሕር ዳር ነው። ጎዳናዎቿ በዘንባባ የተዋቡ፣ ታላቁ የአባይ ወንዝ ከጣና ሐይቅ የሚወጣባት ከተማ ናት። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተንጣለለ የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ እንዲህ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ይህ ሐይቅ ብዙ ሲሳይ ይዟል። ቀረሶው፣ አምባዛውና ነጭ ዓሣው የአካባቢው ሰው ቀለብም ገበያም ናቸው። ነጭ ዓሣ ከሚባሉት መካከል ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኙ ከ10 በላይ ዝርያዎች አሉ። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ፋጢር ቁጥር 12 ላይ ጣፋጩና ጨዋማው ውኃ እኩል እንዳልሆኑ፣ ሆኖም ከሁለቱም ትኩስ ሥጋ እንደምንመገብ ያስታውሰናል። ሱብሐነላህ! ጣና ዳር ቆሞ ይህን አንቀጽ ለሚያስብ ሰው ትርጉሙ ከዓይኑ ፊት ነው።

እኛም ጓደኛሞች ሆነን ከሐይቁ ዳር ካሉት ደህና ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ አልን። ከመካከላችን አንዱ ክርስቲያን የትምህርት ቤት ጓደኛችን ነበር። በአገራችን ሥጋ ሲቀርብ የሙስሊምና የክርስቲያን ማዕድ እንደሚለያይ የታወቀ ነው፤ ዓሣ ግን ቢላዋና ባራኪ ስለማይጠይቅ ሁላችንን በአንድ ትሪ ዙሪያ ሰበሰበን። ከመቀመጣችን በፊት ግን አስተናጋጁን ጠየቅነው። ዓሣው የሚጠበስበት ዘይት ሥጋ የተጠበሰበት ነው ወይ? መጠጥ የማይቀርብበት ጥግስ ይገኛል? ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አስካሪ መጠጥ በሚዞርበት ማዕድ ላይ ከመቀመጥ ከልክለዋልና። አስተናጋጁ ቅር ሳይለው ዘይቱ አዲስ እንዲሆን ለወጥ ቤት ነግሮ በውኃው ዳር ለብቻችን አስቀመጠን። ክርስቲያኑ ወዳጃችንም ለእኛ ሲል ለስላሳ አዘዘ። ሙሉው የቀረሶ ጥብስ ጎኑ ተተልትሎ፣ ከሎሚና ከዳጣ ጋር ትኩስ እንዳለ መጣ። ቢስሚላህ ብለን በላን፤ አልሐምዱሊላህ!

ጥያቄው በውጭ አገር ለሚኖሩ ወንድሞችና እህቶች የበለጠ ያስፈልጋል። ጃፓኖች ቴፓንያኪ የሚሉት የአበሳሰል ስልት አለ፤ ምግብ አብሳዩ በተመጋቢዎች ፊት ቆሞ በሰፊ የጋለ ብረት ላይ ይጠብሳል። እ.ኤ.አ. በ1945 በኮቤ ከተማ በአንድ ምግብ ቤት እንደተጀመረ ይነገርለታል። ለዓይን የሚማርክ ነው፤ ነገር ግን በዚያው ብረት ላይ ሥጋው፣ ዓሣውና አትክልቱ ሁሉ ይበስላል፣ በማጣፈጫውም ከሩዝ የተጠመቀ መጠጥ ብዙ ጊዜ ይገባል። እንግዲህ ዓሣ አዘዝኩ ማለት ብቻውን አይበቃም። በትሕትና መጠየቅ ነውር አይደለም።

ነገር ግን የማዕድ አደራ በሐላልና ሐራም ጥያቄ ብቻ አያበቃም። ስንበላ ከፊታችን አንድ ታንኳ አለፈ። ታንኳ ከደንገል ታስሮ የሚሠራ ቀላል ጀልባ ነው፤ ውኃ እየመጠጠ ስለሚያረጅ በጥቂት ወራት ውስጥ በአዲስ ይተካል። በዚህ ሙያ የታወቁት ከጣና ዳር ነባር ነዋሪዎች መካከል የሆኑት ነገደ ወይጦ ናቸው። እነርሱም ሙስሊሞች ናቸው። በዓሣ ማስገር፣ በደንገል ሥራና ወፍጮ ድንጋይ በመጥረብ ኖረዋል፤ ጥንት ጉማሬም ያድኑ ነበር። የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ እየተባሉ ከክርስቲያኑ ብቻ ሳይሆን ከሙስሊሙም ተገልለው፣ እስልምናቸው እየተጠራጠረ፣ በጋብቻና በማዕድ ተንቀው ለብዙ ዘመን ኖረዋል። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ከተማዋ ስትሰፋና የሐይቁ ዳር ሲታረስ ደንገሉም መኖሪያቸውም እየጠበበ ሄዷል።

ውድ አንባብያን! በነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ የቀረበልንን ዓሣ በደስታ እየበላን፣ ሐይቁን ከማንም በፊት የሚያውቀውን ወንድማችንን ከማዕዳችን ማራቅ እንዴት ይገባናል? ቢያጠፋ በመልካም ማስተማር፣ ቢቸገር መርዳት ነበር ግዴታችን። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት ቁጥር 13 ላይ ሕዝቦችና ጎሣዎች ያደረገን እንድንተዋወቅ መሆኑን፣ ከእርሱ ዘንድ በላጩም ይበልጥ እርሱን የሚፈራው መሆኑን ነግሮናል። ዘይቱን መጠየቅ ቀላል ነው፤ ልብን መጠየቅ ግን ከባድ ነው።

እንግዲህ ባሕር ዳርን የምትጎበኙ ወጣቶች፣ ከምግብ ቤቱ ስትወጡ ታንኳ ሠሪዎቹንም ጎብኙ። የደንገል ሥራቸውን ሳትከራከሩ ግዙ፣ በሰላምታ ቅደሟቸው፣ በመስጊድ ከጎናቸው ቁሙ። ልጆቻቸው ቁርኣንና ቀለም የሚማሩበትን መንገድ ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር ምከሩ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁን የወረረውን እምቦጭ አረም ለመንቀል ዘመቻ ሲጠራም አትቅሩ፤ ሐይቁ ሲታመም ቀድሞ የሚራበው የታንኳው ባለቤት ነውና።

አላህ ለክልሉና ለአገራችን ሰላሙን ያውርድልን፤ ሲሳያችንን ሐላል፣ ማዕዳችንንም ሰፊ ያድርግልን። አሚን! ወሰላሙ ዐለይኩም።