ልጃችሁ ሜዳ ላይ ቢወድቅ ወሳኙ ማነው?

በዚህ ሰሞን ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አካባቢ ያለን ወላጆች ወሬያችን ሁሉ ኮሌጅ ሆኗል። የእገሌ ልጅ በእግር ኳስ ስኮላርሺፕ አገኘ፣ የእገሊት ልጅ ለክሮስ ካንትሪ ተፈለገች። እልል ይባላል፣ ይገባቸዋልም። ከዚያ ጥያቄው ይዥጎደጎዳል፦ ስንት ይሸፍኑለታል? ዶርሙ እንዴት ነው? አሰልጣኙስ ሰው ያከብራል? ልጁ ሲጎዳ ማን እንደሚያየው፣ ያ ሰው ደግሞ የማንን ትእዛዝ እንደሚቀበል ሲጠየቅ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ነገሩ ሩቅ አገር የተፈጠረ አይደለም። ሜይ 29 ቀን 2018 እዚሁ ጎረቤታችን ኮሌጅ ፓርክ፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ከእረፍት ተመልሶ ልምምድ ጀመረ። ተጫዋቾቹ 110 ያርድ አሥር ጊዜ እንዲሮጡ ታዘዙ። ጆርዳን ማክኔር የ19 ዓመት ልጅ ነበር፤ ግዙፍ፣ ከፊት መስመር የሚሰለፍ። ሩጫው ሳያልቅ አቃተው። ሰውነቱ በሙቀት ተመትቶ ነበር፤ ሂት ስትሮክ የሚሉት ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ 911 እስኪደወል አንድ ሰዓት ገደማ አለፈ። ሙቀቱን የለካው የለም፤ በረዶ ውሃ ውስጥም አልተነከረም። በኋላ የወጣው የምርመራ ሪፖርት እንደሚለው፣ የቡድኑ የጤና ባለሙያዎች ከግዙፍነቱ የተነሳ ገንዳው ውስጥ ይሰምጥብናል ብለው ሰግተዋል። ጉበት ተቀየረለት፤ አልሆነም። ጁን 13 ቀን አረፈ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ዋላስ ሎህ ሕጋዊውንም የሞራሉንም ኃላፊነት እንወስዳለን አሉ፤ ዋናው አሰልጣኝ በዚያው ዓመት ኦክቶበር መጨረሻ ተሰናበተ፤ በ2021 ለቤተሰቡ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተወሰነ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሕክምናው የታወቀና ርካሽ መሆኑ ነው። በሙቀት የተመታን ሰው የሚያድነው በረዶና ውሃ የሞላበት ገንዳ ነው። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል መውሰድ፤ አምቡላንስ እስኪደርስ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ የለም። ማሳቹሴትስ ውስጥ በየኦገስቱ በሚደረገው የፋልማውዝ የጎዳና ሩጫ በ18 ዓመት ውስጥ 274 ሯጮች በዚህ መልክ ተመትተው፣ በቶሎ በረዶ ውሃ ውስጥ እየተነከሩ ሁሉም ተርፈዋል። ሁሉም! ገንዳው ግን ሰው ከወደቀ በኋላ የሚፈለግ ዕቃ አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ።

ኮሌጅ ውስጥ ይህን የሚያዘጋጀው አትሌቲክ ትሬነር ነው። አሰልጣኝ አይደለም፣ የጂም አሠሪም አይደለም። ተምሮ፣ ተፈትኖ ፈቃድ የወሰደ የጤና ባለሙያ ነው፤ ዛሬ ሙያው ውስጥ አዲስ ለሚገባ ማስተርስ ይጠየቃል። ቁርጭምጭሚት ያስራል፣ ጭንቅላቱን የተመታውን ይመረምራል፣ ከቀዶ ሕክምና የተመለሰውን ጉልበት ወራት ሙሉ ያለማምዳል። ትልቁ ሥራው ግን «ይህ ልጅ ዛሬ አይጫወትም» ማለት ነው። ሙያው የሚፈተነውም እዚያ ላይ ነው፤ አሰልጣኙ ጨዋታ ማሸነፍ አለበት፣ ትሬነሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ደሞዙ የሚመጣው ከዚያው ከስፖርት ክፍሉ ነው።

የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ይህን ያውቃል። በ2016 አምስቱ ትልልቅ ኮንፈረንሶች፣ ሜሪላንድ ያለችበት ቢግ ቴን ጭምር፣ በሕክምና ጉዳይና ወደ ሜዳ በመመለስ ላይ የመጨረሻው ቃል የሐኪሙና የትሬነሩ እንዲሆን፣ አሰልጣኝ እንዳይሽረው ደንብ አወጡ። ማክኔር የሞተው ደንቡ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የትሬነሮቹ ማኅበር በ2019 አባላቱን ሲጠይቅ፣ ከአምስቱ አንዱ ገደማ አሰልጣኝ በሕክምና የታገደ ተጫዋች ሲያሰልፍ ማየቱን ተናግሯል።

እኛም ቤት ነገሩን እናባብሰዋለን። ልጁ እግሬን አመመኝ ብሎ ሲደውል «አይዞህ፣ ቻል አድርገው፣ ስኮላርሺፑ እንዳይቋረጥብህ» የምንለው እኛ ነን። ፍቅር ነው፣ ይገባኛል፤ ግን ሕመምን ችሎ መጫወት ጉዳቱን ያብሰዋል። በተለይ የሚሮጡ ሴት ልጆች አመጋገባቸው ከልምምዱ ጋር ሳይመጣጠን ሲቀር የወር አበባቸው ሊቋረጥ፣ አጥንታቸው ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ሕመሙን ችሎ መሮጥ ስንጥቁን ስብራት ሊያደርገው ይችላል።

ጾሙንም ላንሳ፤ ይህን እኛ ካላነሳነው የሚያነሳው የለም። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፣ በፈረንጁ ኦገስት 7። የኮሌጅ ቡድኖች የሚሰባሰቡት፣ አዲሱ ልጅ ገና ሙቀቱን ሳይለምድ ከባዱን ልምምድ የሚጀምረው በዚያው ሰሞን ነው። ውሃ ሳይቀምስ ውሎ ኦገስት ፀሐይ ላይ የሚሮጥ ልጅ ለትሬነሩ መናገር አለበት። ረመዳንም ወሩ እየዞረ ሲመጣ ያው ነው። ተዉ ማለቴ አይደለም፤ ጾሙን ከነፍስ አባት ጋር፣ የልምምዱን ሰዓት ደግሞ ከትሬነሩ ጋር መነጋገር ይቻላል።

ግቢውን ለማየት ስትሄዱ ገንዳው የት እንዳለ፣ በማለዳው ልምምድ ትሬነር ይኑር አይኑር፣ ትሬነሩን የሚቀጥርና የሚያባርረው ማን እንደሆነ ጠይቁ። የአነጋገር ዘዬያችን ምን ይመስላል ብላችሁ አትፈሩ። አሰልጣኙ ፊቱን ካጠቆረ እኔ ብሆን ሌላ ኮሌጅ አያለሁ። ኢንሹራንስም አትርሱ፤ ብዙ ቦታ መጀመሪያ የሚከፍለው የእናንተው ነው፣ የትምህርት ቤቱ ከዚያ የተረፈውን ነው የሚሸፍነው። ልጁ 18 ዓመት ከሞላው ደግሞ ሐኪሙ ያለ ፈቃዱ ስለ ጤናው ላይነግራችሁ ይችላል፤ ስለዚህ ዕቃውን መኪና ላይ ከመጫናችሁ በፊት የፈቃድ ፎርሙን አስፈርሙት።