ሳይጠየቅ የተፈረደበት ማሽን

በከተማችን በዕቃ ላይ የሚፈረድ የሞት ፍርድ ይግባኝ የለውም። ሬዲዮ ዝም ካለ «ተቃጥሏል» ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ካልሞቀ «አልቆለታል» ነው፤ ኮምፒዩተር አልነሳም ካለ ደግሞ «ቦርዱ ሄዷል» ተብሎ በሁለት ደቂቃ ይሸኛል። ምኑን እንዳመመው የሚጠይቅ የለም። መቼም የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና፣ ባለፈው ክረምት በሰፈራችን የሆነውን ላጫውታችሁ።

የእድራችን ጸሐፊ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሰው ናቸው። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የአባላቱን ስም፣ ወርኃዊ መዋጮና ለሐዘንተኛ የተከፈለውን ገንዘብ የሚመዘግቡት በአንድ አሮጌ ፔንቲየም ፎር ኮምፒዩተር ነው። የወረቀቱ መዝገብ ጣሪያው አፍስሶበት ከተበላሸ ቆይቷል። በሐምሌ አንድ አባላችን አረፉ። ባለቤታቸው የእድሩን ገንዘብ ሲጠይቁ ከኮሚቴው አንዱ ተነስተው «ሟቹ ከስድስት ወር በላይ አልከፈሉም፤ ደንቡ አይፈቅድም» አሉ። ሴትየዋም «ባሌ የሰው ዕዳ ይዞ አልሞተም» ብለው ተከራከሩ፤ ደረሰኙ ግን ከቤት ሊገኝ አልቻለም። ጸሐፊው «የከፈሉ ይመስለኛል፤ በመሰለኝ ግን የእድር ገንዘብ አይወጣም» አሉ። እውነቱ ያለው በማሽኑ ሆድ ውስጥ ነው። ማሽኑ ደግሞ በዚያው ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመጣ አልነሳም ብሏል።

ጸሐፊው ተሸክመው ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰዱት። ባለሙያው ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሙዚየም ዕቃ ነው፤ ቦርዱ ሄዷል፤ አዲስ ይግዙ» ብሎ መለሳቸው። ከዚያ ወደ እኔ መጡ። «ልጄ፣ አንተ ኮምፒዩተር ላይ ስትውል አያለሁ፤ እስቲ እየው» አሉኝ። እኔ የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው። የጋዜጠኛ ሙያ መጠየቅ ነውና ማሽኑን እንደ ምስክር በተራ ልጠይቀው ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ። ሶኬቱ ላይ የራስጌ መብራት ሰክቼ አየሁ፤ በራ። ቁልፉን ስጫነው የማሽኑ ፋን ዞረ። እንግዲያው የግድግዳውን 220 ቮልት ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት የሚያወርደው ፓወር ሰፕላይ የሚባለው ሳጥን እየሠራ ነው። ሞኒተሩም በሌላ ኮምፒዩተር ሲሞከር ደህና ነው።

ቀጥሎ ጆሮዬን ሰጠሁት። ኮምፒዩተር ሲበራ ከሁሉ በፊት ራሱን ይመረምራል፤ በስክሪን መናገር ካቃተው በጩኸት ይናገራል። አዋርድ በሚባለው ባዮስ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ጩኸት «የምስል ካርዴን እዩልኝ» ማለት ነው፤ ሳያቋርጥ የሚደጋገም ጩኸት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ራሙን፣ ማለትም የሥራ ማስታወሻውን ይጠቁማል። የእድሩ ማሽን እየደጋገመ ይጮህ ነበር። ለመሆኑ የሞተ ይጮሃል?

ገመዱን ከግድግዳ ነቅዬ ክዳኑን ከፈትኩ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጠረግኩ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ብዙ ቦርዶች ካፓሲተር የሚባሉት ትንንሽ በርሜሎች አናታቸው እያበጠ ይሞቱ ነበርና እነሱን አንድ በአንድ ተመለከትኩ፤ አላበጡም። ራሞቹን ሳወጣ ግን ወርቃማ ጥርሶቻቸው በክረምቱ እርጥበት ጠቁረዋል። በተማሪ ላጲስ ቀስ ብዬ አሸኋቸውና አንዱን ብቻ መልሼ ሰካሁ። የዚህ ሥራ ሕጉ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር መሞከር ነው፤ ሁሉን አንድ ላይ የነካካ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም።

አንድ አጭር ድምፅ ተሰማና ስክሪኑ በራ። ግን ጃንዋሪ 1 ቀን 2002 የሚል ቀን ጽፎ፣ ዲስኬን አጣሁ ብሎ ቆመ። ጸሐፊው «በእኛ አቆጣጠር ከሆነ እኮ መዝገቡን የጀመርንበት ዓመት ነው!» ብለው ሳቁ። ጥፋቱ የባትሪዋ ነበር። ቦርዱ ላይ ሲአር 2032 የምትባል፣ ሳንቲም የምታህል ባለ3 ቮልት ባትሪ አለች። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱንና ማሽኑ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ የሚነግረውን ትእዛዝ ጠብቃ የምታቆየው እሷ ናት። ስታልቅ ማሽኑ የገዛ ቤቱን ሊረሳ ይችላል። አዲስ ባትሪ ገዝተን ተካን፤ ዲስኩን አሳየሁት፤ ዊንዶውስ ኤክስፒም ተነሳ።

መዝገቡን ወዲያው በፍላሽ ገልብጬ በላፕቶፔ ብከፍተው ሌላ ጉድ ገጠመኝ፤ አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም። ገጹ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ሆኗል። የግዕዝ ፊደል ወደ ዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ሶፍትዌሮች የእኛን ፊደል ቅርጽ በላቲን ፊደል ወንበር ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ ብዙ ሰውም በለመደው ለረጅም ዓመታት ቀጠለ። የዚያ ጽሑፍ ቁልፉ ፎንቱ ነው። ፎንቱን ከአሮጌው ማሽን አውጥቼ ላፕቶፔ ላይ ስጭን የአባላቱ ስም አንድ በአንድ ተመለሰ። ሟቹ እስከ ሰኔ ድረስ ከፍለዋል። ሴትየዋም ገንዘባቸውን ተቀበሉ።

በየቤታችን ቁም ሳጥን ላይ፣ በየቢሮው መጋዘን ሞቷል ተብሎ የተጣለ ስንት ማሽን አለ? ውስጡ የሠርግ ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ያልታተመ ድርሰት፣ የሰው መብት ሊኖር ይችላል። ቦርዱ በእርግጥ ቢሞት እንኳ ዲስኩ በሕይወት ሊኖር ይችላልና ወጥቶ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ይሰካ። ጽሑፉ ሲገኝ ፎንቱም አብሮ ይውጣ፤ ከዚያም ወደ ዩኒኮድ ተለውጦ ከአንድ በላይ ቦታ ይቀመጥ። ጥያቄውን ግን ከቀላሉ ጀምሩ፦ ከሶኬቱ፣ ከገመዱ፣ ከላጲሱ፣ ከባትሪዋ።