ቀለምና ቃል

«ቀለም» የሚለው ቃል በቋንቋችን ብዙ ትርጉም ይሸከማል። ሎሚን ከብርቱካን የምንለይበት መልክ ቀለም ይባላል፤ የምንጽፍበትም ቀለም ነው፤ ትምህርትንም «የቀለም ትምህርት» እንለዋለን። የቀድሞ የብራና ጸሐፊዎች ጥቁርና ቀይ ቀለም አዘጋጅተው፣ ሐተታውን በጥቁር፣ የቅዱሳንን ስም በቀይ ይጽፉ ነበር። ዛሬ በኮምፒዩተር ሰንጠረዥ ላይ ቃላትን በቀለም የሚለይ መዝጋቢም የሚከተለው ይህንኑ የቆየ ብልሃት ነው።

የብልሃቱን ጥቅም በቡና ሥራ እንመልከት። ሚዛን ተፈሪና ቴፒ በ2014 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የሚገኙ የቡና አገሮች ናቸው። የበበቃና የቴፒ ሰፋፊ እርሻዎች በዚያ ይገኛሉ፤ በጓሮውና በጫካው ጥላ ሥር የሚያመርተው ገበሬም ብዙ ነው። ቀልቶ የተለቀመው እሸት ቡና ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። አንደኛው በመፈልፈያ መኪና ተልጦ፣ ታጥቦ፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል። ሁለተኛው ከነልጣጩ በፀሐይ ደርቆ ጀንፈል ይሆናል። የሁለቱ ዋጋ አንድ አይደለም። ስለዚህ በመዝገብ ላይ የምትሰፍረው አንዲት ቃል የገበሬውን የዓመት ድካም ትመዝናለች።

መምህር ሳለሁ ስለ ሞክሼ ፊደላት ባስተማርሁ ቁጥር ተማሪዎች፣ «ድምፃቸው አንድ ከሆነ ልዩነቱ ምን ይጎዳናል?» ይሉኝ ነበር። ጉዳቱን በዓይኔ ያየሁት ከክፍል ውጭ፣ በአንድ የቡና መረከቢያ ነው። በሰንጠረዡ ላይ የአንድ ዓይነት ቡና ስም «በፀሐይ የደረቀ»፣ «በጸሐይ የደረቀ»፣ «በፀሀይ የደረቀ» ተብሎ በሦስት መልክ ተጽፏል። ለእኔና ለእናንተ ሦስቱም አንድ ናቸው። ኮምፒዩተር ግን ድምፅ አይሰማም፤ «ፀ» እና «ጸ» ለእርሱ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ ደምር ሲባል አንዱን አጻጻፍ ደምሮ ሁለቱን ተወ። ቡናው በመጋዘን ነበረ፤ በድምሩ ግን አልነበረም። ደረሰኞቹ አንድ በአንድ ተነበው ሒሳቡ እስኪቃና ድረስ አንድ አረጋዊ ገበሬ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመው ዋሉ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የተፈቀዱት ቃላት በአንድ ገጽ ላይ፣ አንዱ ከአንዱ በታች ይጻፋሉ። ቀጥሎ የቡናው ዓይነት የሚመዘገብበት ዓምድ፣ በኤክሴል «ዳታ ቫሊዴሽን» በተባለው ትእዛዝ ከዝርዝሩ ጋር ይያያዛል። ከዚያ ወዲያ መዝጋቢው ሳጥኑን ሲነካ ዝርዝሩ ቁልቁል ይወርድለታል፤ ከቀረቡለትም ይመርጣል። ሌላ አጻጻፍ ቢተይብ ኮምፒዩተሩ አይቀበለውም።

ቀለሙ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙ ጀማሪዎች በዝርዝሩ ላይ ያሉትን ቃላት ይቀቡና ቀለሙ ከቃሉ ጋር አብሮ እንዲመጣ ይጠብቃሉ። በኤክሴል ግን ቃሉ ይመጣል እንጂ ቀለሙ አይመጣም። ለቀለሙ «ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ» በተባለው ትእዛዝ የራሱ ሕግ ይወጣለታል፤ ይኸውም፣ «ቃሉ ‹የታጠበ› ከሆነ ሳጥኑ ሰማያዊ ይሁን፤ ‹በፀሐይ የደረቀ› ከሆነ ቢጫ ይሁን» የሚል ነው። በሰዋስው ትምህርታችሁ የምታውቁት «ከሆነ» እዚህም ሥራውን ይሠራል። ይህንኑ ሕግ በቀድሞው መዝገብ ላይ ብትዘረጉት፣ አጻጻፉ የተዛባው ሳጥን ሳይቀባ ይቀራልና ስሕተቱ ራሱን ያጋልጣል።

ይሁን እንጂ ቀለምን ከመጠን በላይ አትመኑት። መዝገቡ በጥቁርና ነጭ ሲታተም ቀለማቱ ይጠፋሉ። ቀይንና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎችም አሉ፤ ይህ ችግር ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ ይበዛል። ስለዚህ ቀለም ቃሉን ይርዳ እንጂ አይተካው።

ከሁሉ በላይ አንድ ነገር አስተውሉ። የቡናው ፍሬ የሚቀላው ስለበሰለ ነው፤ ሳጥኑ የሚቀባው ግን ሰው ስላዘዘው ነው። መዝጋቢው ጀንፈሉን «የታጠበ» ብሎ ቢመርጥ ሳጥኑ ያለ አንዳች ማመንታት ሰማያዊ ይሆናል። ዝርዝሩ የአጻጻፍን ስሕተት ይከለክላል፤ ቀለሙም ለዓይን ያቀላል፤ ጆንያውን ፈትቶ፣ ፍሬውን በመዳፉ ይዞ፣ እውነተኛውን ቃል መምረጥ ግን የመዝጋቢው ኃላፊነት ነው። እናንተም ነገ በቡና መረከቢያ፣ በጤና ጣቢያ ወይም በትምህርት ቤት መዝገብ ብትይዙ፣ ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት በቃሉና በአጻጻፉ ተስማሙ፤ ቃሉን ከመምረጣችሁ በፊትም ነገሩን በዓይናችሁ እዩ።