ሌላውስ የታለ?

ሚያዝያ 2005፣ እሑድ፣ ጾሙ ሁዳዴ። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ነጠላውን እንዳጣፋ ወደ ትምህርት ቤታችን እየመጣ ይሰለፋል። ዋግ፣ ደሃና ውስጥ የአንዲት ገጠር ቀበሌ አስተማሪ ነበርኩ፤ ያን ቀን ግን ምርጫ አስፈጻሚ ሆኜ መዝገብ ላይ ስም እፈልጋለሁ፣ ጣት ቀለም እቀባለሁ። የገዥው ፓርቲ የኢሕአዴግ ምልክት ንብ ነበረች። 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች አንሳተፍም ብለው ወጥተዋል፤ በእኛ ጣቢያ ከንቧ ሌላ ምልክት አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ያልመጡት ጥቂት ናቸው። እነዚያ ጥቂቶች ግን አላስቀምጥ አሉኝ፤ መዝገቡ ሞልቶ ማየት አማረኝ። ተነስቼ አንድ ሽማግሌ ቤት ሄድኩ። ጓሮ ቀፏቸው አጠገብ ተቀምጠዋል።

"አባባ፣ ድምፅ አልሰጡም እኮ።"

"ስንት ናቸው?"

"እነማን?"

"የሚመረጡት ነዋ።"

"ንብ ናት።"

"ሌላውስ የታለ?"

"ሌላ የለም።"

ሳቁ። በጃንሆይ ጊዜ እንኳ ሁለት ሰው ቀርቦላቸው አንዱን እንደመረጡ ነገሩኝ። ያኔ ፓርቲ የሚባል አልነበረም፤ የሚመረጥ ሰው ግን ነበረ። በአገጫቸው ወደ ቀፎው አመለከቱና "ይቺ እንኳ ካልተመቻት ጥላኝ ትኮበልላለች" አሉ።

አብሬያቸው ስቄ መመለስ ነበረብኝ። እኔ ግን "የሴፍቲኔት ስም የሚጣራበት ሰሞን ነው፤ ዛሬ ባይቀሩ ይሻላል" አልኳቸው። እንዲህ በል ብሎ ያዘዘኝ ሰው የለም። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም እል ነበር። አውቃለሁ። ስገባ ጎተራቸውን አይቼዋለሁ፤ ባዶ ነበር።

ከዘራቸውን አንስተው ተከተሉኝ። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገሩም።

ማታ በባትሪ ብርሃን ኮሮጆውን ገልብጠን ስንቆጥር በአራት የታጠፈ፣ ምንም ምልክት ያልተደረገበት አንድ ወረቀት ወጣ። የእሳቸው ይሁን የሌላ ሰው ምን አውቄ። ከተበላሹት ጋር መዘገብኩት።

በዚያ የአካባቢ ምርጫ በአገሪቱ ከነበረው 3.6 ሚሊዮን ገደማ መቀመጫ ከገዥው ፓርቲና ከአጋሮቹ እጅ የወጣው 5 ብቻ ነው። በ2007 ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫ አንድ ሳይቀር ተጠቀለለ። በደርግ ጊዜ እንኳ በ1979 ለሸንጎው ምርጫ ለአንድ ወንበር እስከ ሦስት ዕጩ ቀርቦ ነበር፤ ሁሉም የደርጉ ፓርቲ ኢሠፓ የተስማማባቸው ቢሆኑም። የኢሕአዴግ አባል የነበረው የእኛው ብአዴንም ቢሆን የተወለደው እዚሁ ዋግ ነው፤ በ1973 ኢሕዴን ሲባል "ዴሞክራሲያዊ" የሚለው ቃል ስሙ ውስጥ ነበረ። አስተማሪ ነኝና ክፍሉ በሙሉ መቶ ከመቶ ሲያመጣ የምጠረጥረው ፈተናውን ነው። የ2005ቱን መዝገብ ስሞላ ግን ይህ አልታየኝም።

ጥቅምት 2008፣ አዲሱ ምክር ቤት ሥራ በጀመረ ሰሞን፣ ሰቆጣ ገበያ ላይ ሽማግሌውን አገኘኋቸው። ዝናብ የከዳበት ዓመት ነበርና ያመጡት ነጭ ማር ጥቂት ነው። አወቁኝ። ሳዘጋጀው የኖርኩት ይቅርታ ጉሮሮዬ ላይ ቀረና "ስንት ነው?" አልኩ።

"ሳትቀምስ ዋጋ ትጠይቃለህ እንዴ፣ መምህር?" አሉኝ። ቀጥለው አጠገባቸው ወደተቀመጠው ሻጭ ጠቆሙኝ። "የእሱንም ቅመስና ና።"

የእሳቸውን ቀመስኩ። የሰውየውንም ቀመስኩ። ተመልሼ ከእሳቸው አንድ ኪሎ ገዛሁ።