ጾም የማይፈታው ኬክ

ኬክ ሠርተን እናውቃለን። ዱቄት አልገባበትም፣ እንቁላል አልተሰበረበትም፣ ቅቤ አልነካውም። ረቡዕ ቢሉ ዓርብ፣ ሁዳዴ ቢሉ ፍልሰታ፣ ጾም አይፈታም። ችግሩ ጾሙ ሲፈታም አለመበላቱ ነው።

ከጀሶ ነው የሠራነው። አዎ፣ ያ ኮርኒስ የሚለሰንበት፣ እግር ሲሰበርም የሚጠቀለልበት ጀሶ። እኛ ሦስት ነን፤ ሁለታችን የዳንግላ ልጆች፣ አንዳችን የእንጅባራ። በመካከላችን አርባ ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት አለ። ዛሬ የምናወራችሁ ስለ ውሸት ኬክ ነው። እንዴት እንደምንሠራው እንነግራችኋለን፤ ከዚያ ደግሞ አንዲት እናት ስለጠየቀችን፣ እስካሁንም በደንብ ስላልመለስነው ጥያቄ።

የምንበላበትና የምናየው

መቼም እኛ አገር ሁለት ዓይነት ዕቃ ነው ያለው፤ የምንበላበትና የምናየው። የምንበላበት ማዕድ ቤት ነው፣ ጭስ ጠጥቶ፣ ጎድጉዶ። የምናየው ሳሎን ነው፣ ቡፌ ውስጥ፣ ተቆልፎ። ባለ ወርቅ ጠርዝ ሲኒ፣ ስድስት የነበረ አሁን አራት የቀረ የወይን ብርጭቆ (ወይን ቀምሶ ለማያውቅ ቤተሰብ!)፣ አበባ የተሳለበት ትልቅ ሳህን። ቁልፉን የምታውቀው እናት ብቻ ናት። ያ ሳህን «ለእንግዳ» ነው ይባላል፤ እንግዳ ሲመጣ ግን በሌላ ሳህን ይበላል። እንግዳው ከዚያኛው እንግዳ ያንሳል መሰል።

ቡፌው አናት ላይ ደግሞ የፕላስቲክ ሙዝና የፕላስቲክ ወይን አለ። ከእናንተ መካከል በልጅነቱ አንድ ጊዜ ነክሶት የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ! እንግዲህ የውሸት ምግብን ከውጭ አልተማርነውም። ጥርሳችን ገና ሲበቅል ጀምሮ እናውቀዋለን።

ሰፈር ውስጥ «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያለ የሚዞረውን ሰውዬም ታውቁታላችሁ። አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ አዲስ ሳህን ወይም ማስታጠቢያ ይሰጣል። የተሰነጠቀ ሳህን ግን እሱም አይቀበልም። አዲስ አበባ ቢሆን ብረታ ብረቱን ቁራሌው ይሰበስበውና መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ ምድጃም መጥበሻም ሆኖ ይወጣል። ዳንግላ ላይ የተሰበረው ሁሉ አልጋ ሥር ይገባል። እኛ ያገኘነው እዚያ ነው። ጎረቤት ዞረን «የማትፈልጉትን ስጡን» ስንል ምን ያልመጣ አለ? ቀለሙ የተላጠ ባለ አበባ የቆርቆሮ ሳህን፣ ጆሮው የወለቀ ኩባያ፣ ክዳን የሌለው የስኳር ዕቃ፣ ከስድስት ወንድሞቹ ብቻውን የተረፈ ብርጭቆ። ልዋጩ ያልፈለገውን ሰበሰብን።

የምግብ አሠራር (ለማይበላ ምግብ)

ሥራውን የተማርነው ስልካችን ላይ አውርደን ካስቀመጥናቸው ሁለት ቪዲዮዎች ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ በኋላ በክልላችን ኢንተርኔት ሲጠፋ፣ መንገዱም ሲዘጋ ሲከፈት፣ እነዚያን ሁለት ቪዲዮዎች ብቻ ደጋግመን አየን። በቃላችን ያዝናቸው ብንላችሁ አንዋሽም።

መጀመሪያ ውሃው ይቀዳል፤ ጀሶው በላዩ ላይ ይነሰነሳል። ጀሶ ላይ ውሃ የምታፈሱ ከሆነ ግን እንደ አምባሻ ሊጥ ይጓጉልባችኋል። ብዙ ባማሰላችሁት ቁጥር ቶሎ ይጠናል፤ እኛ አንዱን ገና ስናወራ ማንኪያችንን ይዞብን ቀርቷል። ቅርጹን የሚሰጠው ዘይት የተቀባ ኩባያ ወይም ጭልፋ ነው። ሲጠና ደግሞ የሚገርም ነገር አለው፤ ይሞቃል። እጃችሁን ብታሳርፉበት አሁን ከምድጃ የወጣ ኬክ ይመስላችኋል። ከዚያ ግን እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። ዳንግላ ላይ በጥቂት ቀን የሚደርቀው፣ እንጅባራ ብርድና ጭጋግ ውስጥ ሳምንት አልበቃውም። ሳይደርቅ የቀባነው ቀለም እንደ አሮጌ ግድግዳ ተላጠ።

ክሬሙ ጀሶና ነጭ ኮላ ነው፤ ጥጉ በመቀስ የተቆረጠ ፌስታል ውስጥ ከትቶ መጭመቅ። ቸኮላቱ ቡናማ ቀለምና ቫርኒሽ። ሚልፎኙ ካርቶን፤ የካርቶን ጠርዝ ላይ ያለውን ሞገድ አይታችሁታል አይደል? ደራርባችሁ ስትቆርጡት ከኬክ ቤቱ ሚልፎኝ የሚለየው ፍርፋሪ አለመኖሩ ብቻ ነው። ላዩ ላይ ያሉት ቀያይ ፍሬዎች ከተበጠሰ ጨሌ የመጡ ናቸው።

ማቅረቢያው ነበር ያስቸገረን። ቪዲዮው ላይ የተገለበጠ ብርጭቆ ላይ ሳህን ይለጠፋል፤ እሱ ላይ ሌላ ብርጭቆ፣ ሌላ ትንሽ ሳህን፤ ሦስት ፎቅ። እኛ ስንሞክረው መሀሉን ሳንለካ ስለለጠፍነው ከነ ኬኩ ወደ ጎን ተጋደመ። ማጣበቂያውም ለሰስ ባለ ብርጭቆ ላይ አልያዘልን አለ። መፍትሔው ግን ከደጃችን ነበር። በእንጅባራ ያለፈ ሰው የቀርከሃ ወንበርና አልጋ መንገድ ዳር ተደርድሮ ሳያይ አያልፍም። የደጋ ቀርከሃ እንደ ቆላው ጥቅጥቅ አይደለም፤ ውስጡ ባዶ ነው፤ በየአንጓው ግን ይዘጋል። አንጓው ላይ ስትቆርጡት ጠፍጣፋ ራስ ታገኛላችሁ፤ ሳህን ይሸከማል። ርጥቡን ከቆረጣችሁ ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃልና ታገሡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፤ በዚህ መልክ የተለጠፈና የተቀባ ሳህን ሁለተኛ ምግብ አይቀርብበትም። ሕፃን ባለበት ቤትም ጨሌዋን ከፍ አድርጉ። የፕላስቲኩን ወይን ረሳችሁት?

ባዶ መስታወት

ኬኮቹን የሠራነው ለእትዬ ነው። እትዬ እንጅባራ መንገድ ዳር ሻይ ቤት አላት። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ባሕር ዳር የሚሄደው አውቶቡስ ሲቆም መንገደኛው ይገባል፤ ጥር 23 ደግሞ፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር፣ ከተማው በፈረስና በእንግዳ ሲሞላ፣ ወንበር አይገኝም። በሩ ላይ የመስታወት ሳጥን አላት፤ ቦምቦሊኖ፣ ብስኩት፣ አንዳንዴም ኬክ የሚደረደርበት።

መንገድ በተዘጋ ሰሞን ስኳር ጠፋ። የተገኘውም በዋጋው አልቀመስ አለ። ሳጥኑ ባዶ ሆነ። እትዬ በየጠዋቱ ግን መስታወቱን ትወለውላለች። «ባዶ ሳጥን ከማየት ባዶ ሆድ ይሻላል» አለችን አንድ ቀን። ለእኛ ትልቅ ነገር ነበር፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ትርፍራፊ ብስኩት ያበላችን ሰው ናት። ያሳደገችን ሰው ከባዶ ሳጥን ጀርባ ስትቆም ማየት አልቻልንም።

አሥራ ሁለት ኬክ ሠራንላት። ሮዝ፣ ነጭ፣ ባለ ቸኮላት፣ በባለ ሦስት ፎቁ ማቅረቢያ ላይ። እትዬ አይታ ስቃ አለቀሰች። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል። «እንጅባራ ፒያሳ ሆነች!» ያለን አለ። እኛም ደረታችንን ነፋን።

በሳምንቱ አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። ከገጠር ከሰል አምጥታ ሸጣ መመለሷ ነው፤ እጇ ገና አልታጠበም። ልጅቷ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። መስታወቱ ላይ አፍንጫዋን ለጥፋ «ያችን፣ ሮዟን» አለች። እናትየዋ የመቀነቷን ቋጠሮ መፍታት ጀመረች።

«እሱ እንኳ አይሸጥም፣ እታለም» አለች እትዬ።

እናትየዋ እጇ መቀነቷ ላይ እንዳለ ቆመች። «ገንዘብ አለኝ እኮ።»

«አይ፣ እንደሱ አይደለም...»

«ለሌላው ሰው የሚሸጥ፣ ለእኛ የማይሸጥ ነው?»

እትዬ ደንግጣ ሮዟን ኬክ አውርዳ በጥፍሯ አንኳኳቻት። ቋ፣ ቋ። እናትየዋ ገባት፤ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ሲወጡ እናትየዋ ወደኛ ዞር ብላ፣ ሳትቆጣ፣ ለማወቅ ያህል ጠየቀችን፦

«ታዲያ ለምን ደረደራችሁት?»

ሦስታችንም ነበርን። ሦስታችንም አልመለስንም።

ሰሙና ወርቁ

ከዚያን ቀን ወዲህ ብዙ አሰብንበት። ኢንተርኔቱ ሲመለስም ብዙ አነበብን። የውሸት ምግብ በዓለም ላይ ትልቅ ሙያ መሆኑን ያወቅነው ያኔ ነው። ጃፓን ውስጥ በምግብ ቤቶች መስታወት የሚደረደር የውሸት ሩዝና ዓሣ አለ፤ ታኪዞ ኢዋሳኪ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1932 ኦሳካ ላይ ንግድ አድርጎ ጀመረው። መጀመሪያ የሚሠራው ከሰም ነበር፤ አሁን አብዛኛው ፕላስቲክ ነው። እንግሊዞች ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስኳር በራሽን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮም ኬክ በስኳር መለበጥ ሲከለከል፣ ለሠርጋቸው የካርቶን ኬክ ይከራዩ ነበር። ጦርነት፣ የስኳር እጥረት፣ ካርቶን... የሚመስለን ዘመድ አገኘን ብለን ደስ አለን።

ደስታችን ግን አልቆየም። ልዩነቱ ታየን። የጃፓኑ ሰም ምግብ «ውስጥ ይህ አለ፣ መጠኑም ይህን ያህላል» ይላል፤ ገብተህ ስታዘው ይመጣልሃል። የእንግሊዞቹ ካርቶን ሲነሳ ከሥሩ ትንሽ፣ ድሃ፣ ግን እውነተኛ ኬክ አለ። የራሳችን ከተማ ሠርግ ላይም አንዳንዱ ባለ ብዙ ፎቅ ኬክ አብዛኛው ፎም ነው ይባላል፤ ሙሽሮቹ ቢላ የሚያስገቡበት ፎቅ ግን ይበላል። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ይህን ነገር ከማንም በፊት እናውቀዋለን፤ ሰም ካለ ወርቅ አለ። ወርቁ የሌለበት ሰም ምን ይባላል? ሻማ እንኳ አይሆን፣ አይበራ።

የእኛ ኬክ ከጀርባው ምንም አልነበረውም። የእትዬን ሐፍረት ከመስታወቱ ጀርባ አንስተን መስታወቱ ፊት ለቆመችው እናት ሰጠናት፤ ያደረግነው ይኼው ነው። ገንዘብ ይዛ የመጣች ሴት፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ የተከለከለች መስሏት ቆመች። ያንን ደቂቃ የሠራነው እኛ ነን፣ በጀሶና በኮላ።

እንስበረው ያለ ነበር ከመካከላችን። እትዬ እምቢ አለች። «ስኳር ባይኖር ጨው አለ፣ ድንች አለ» አለች። አሁን ሻይ ቤቱ አንድ ሕግ አለው፤ ከጀሶው ጎን የሚበላ ነገር ከሌለ ጀሶው አይወጣም። ስኳር ሲገኝ ቦምቦሊኖ፣ ሲጠፋ ዳቦ ወይም ቅቅል ድንች። ሮዟ ኬክ ከላይኛው ፎቅ ላይ ሆና «እኔ ለዓይን ነኝ» የሚል ወረቀት ይዛለች፤ ማንበብ ለማይችል ደግሞ እትዬ ቀድማ ታንኳኳለታለች። ሳጥኑ እንደ ድሮው አያምርም። ሰው ቆሞ ፎቶ አያነሳም። ከውስጡ ግን አንድ ነገር ይሸጣል።

ከእኛ የአንዳችን እናት ይህን ሁሉ ሰምታ ዝም አለች። በነጋታው ቡፌውን ከፍታ እነዚያን ባለ ወርቅ ጠርዝ ሲኒዎች አወጣች። ለማቅረቢያው ልትሰጠን መስሎን እጃችንን ዘረጋን። «ምን ታደርጉታላችሁ?» ብላ ረከቦቱ ላይ ደረደረቻቸው። ለሃያ ምናምን ዓመት ስናያቸው በኖርናቸው ሲኒዎች፣ እንግዳ በሌለበት፣ በማክሰኞ ቀን፣ እስከ በረካ ጠጣን። አንዱ ሲታጠብ ተሰበረ። እማዬ አየችው፣ ምንም አላለችም።

ያቺ እናትና ልጇ ተመልሰው አልመጡም። እትዬ ለልጅቷ አንድ ቦምቦሊኖ በነፃ አለባት፤ እዳዋን አልረሳችም። እናንተም በእንጅባራ ስታልፉ ጎራ በሉ። መስታወቱ ውስጥ ያለውን ከማዘዛችሁ በፊት ግን አንኳኩ።

ቸር ይግጠመን!