ክዳኑ ሲከፈት በረዶ የሚሆነው አምቦ ውሃ

ከነቀምቴ እስከ ደምቢ ዶሎ ባሉ ሱቆች በር ላይ አልፎ አልፎ የሚነሳ ትንሽ ጭቅጭቅ አለ። ፍሪጁ ከልክ በላይ አቀዝቅዟል። ባለሱቋ አንድ አምቦ ውሃ ያወጣሉ፤ ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው። ክዳኑ ሲከፈት አረፋው ይግተለተላል፣ ነጭ ነገር ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጠርሙሱ በአፍታ ጭቃ መሳይ በረዶ ይሞላል። ደንበኛው «አዴ፣ ይሄ ተበላሽቷል፣ ይቀይሩልኝ» ይላል። ሌላ ይከፈታል። ያኛውም ያው!

የተበላሸ ነገር ግን የለም። «ውሃ በ0 ዲግሪ በረዶ ይሆናል» የሚለው የትምህርት ቤት አባባል ግማሽ እውነት ነው። በረዶ 0 ላይ ይቀልጣል፤ ውሃ ግን በረዶ ለመሆን መነሻ ይፈልጋል፦ አንድ ቅንጣት አቧራ፣ በዕቃው ግድግዳ ላይ ያለ ጭረት። መነሻ ካጣ ከ0 በታች ወርዶም ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ደመና ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ጠብታዎች ከ0 በታች እስከ 38 ዲግሪ ገደማ ሊደርሱ ይችላሉ።

አምቦ ውሃው ሲከፈት የታመቀው ጋዝ ይወጣል። ጋዝ የሟሟበት ውሃ በረዶ የሚሆነው ከተራው ውሃ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነውና ጋዙ ሲለቀው ለበረዶ ይበልጥ ይቀርባል። አረፋዎቹም ያምሱታል። ቢሆንም ጠርሙሱ ድንጋይ አይሆንም። ከ0 በታች 5 ዲግሪ ከነበረው ውሃ ወዲያው በረዶ የሚሆነው ከመቶ 6 እጅ ያህሉ ብቻ ነው፤ ውሃ በረዶ ሲሆን ሙቀት ይለቃል፣ ያ ሙቀት የቀረውን መልሶ ወደ 0 ያወጣዋል። ትንሽ መታገስ ነው እንግዲህ።

ተመራማሪዎች ይህንኑ ያለ ክዳን ያደርጉታል፦ በአልትራሳውንድ። በሰከንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ የሚርገበገብ፣ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ነው። ለነፍሰ ጡር ምርመራ ከሚውለው ጋር ዘመዳሞች ናቸው፤ እዚህ ግን ዓላማው ማየት ሳይሆን መረበሽ ነው። ድምፁ ውሃውን ሲስበው ጥቃቅን አረፋዎች ይፈጠራሉ፣ ሲጫነው ይፈርሳሉ፤ በረዶውም ከዚያ ይነሳል። የሚያስነሳው አረፋው ሲፈርስ የሚፈጠረው ከባድ ግፊት ነው ወይስ በዙሪያው ያለው ንውጥውጥታ? ክርክሩ አላለቀም። መነሻው ስለሚበዛ ግን የበረዶው ቅንጣቶች ይደቅቃሉ፤ በዚህ መንገድ የቀዘቀዘ ፍራፍሬ ውስጡ ብዙም አይጎዳም።

ለወለጋ ይህ ነገር ከለስላሳ መጠጥ ያልፋል። ፔንታቫለንትን፣ የጉበትና የቲታነስ ክትባትን የመሳሰሉት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለባቸው፤ በረዶ ከነካቸው ውስጣቸው ያለው የአሉሚኒየም ጨው ይጓጉላል፣ ኃይላቸውም አይመለስም። ከ0 በታች የወረደ ብልቃጥ ግን እንደዚያ አምቦ ውሃ ፈሳሽ መስሎ ሊቆይ ይችላል። ከዚያ በሞተር ብስክሌት ኮረኮንች መንገድ ሲንገጫገጭ ይረጋል፣ ጤና ኬላ ሳይደርስ መልሶ ይቀልጣል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስትከፍተው ፈሳሽ ነው። ዓይኗን ብቻ አምና ብትከትብ የሚወቀሰው ማን ነው? ከብልቃጡ ጋር የሚጓዝ የበረዶ ጠቋሚ የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አይስ ፓኩ ከፍሪዘር እንደወጣ ሳጥኑ ውስጥ አይገባም የሚባለውም በከንቱ አይደለም። ገና ድንጋይ ሆኖ ሳለ ከ0 በታች ብዙ የወረደ ሊሆን ይችላል። ውጭ ተቀምጦ፣ ሲነቀነቅ የውሃ ድምፅ ካሰማ ግን በረዶና ውሃ አብረውበት አሉ ማለት ነው፤ 0 ላይ ደርሷል። ያኔ ይገባል።